ፎቶውን አጥፉት፣ ክኒኑን ግዙ

የዛሬው ረዘም ስለሚል ታገሱኝ። በተለይ ልጃገረዶችና አዲስ ተጋቢዎች እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ አንድ ፎቶ እየዞረ ነው። የራስ ቅሉ ሳይገጥም የተወለደ ጨቅላ ነው። ከሥሩ «የስምንተኛው ሺ ምልክት፣ ለአሥር ሰው አስተላልፉ» ተብሎ ተጽፎበታል። አንዱ እርግማን ነው ይላል፣ ሌላው «እናትየው ምን ሠርታ ይሆን?» ይላል። «የሰው ዓይን ነው» የሚልም አለ። የመጀመሪያው ልመናዬ አጭር ነው፦ አጥፉት። ልጁ የማንም ይሁን፣ እናት አለችው። እኛ ምልክት ያልነው ፎቶ ለእሷ ዘጠኝ ወር የተሸከመችው ልጇ ነው። እዚህ ሰፈር ደግሞ ተመሳሳይ ሐዘን በልቧ ይዛ ሻይ የምታፈላ፣ በሰው ቤት የምታጥብ እህት እንደማትጠፋ እወቁ። ስልኳን ስትከፍት ያ ፎቶ እንዲጠብቃት አታድርጉ።

ሁለተኛው ልመናዬ ግን ከዚህ ይሰፋል። እንዲህ ዓይነቱ አወላለድ በአብዛኛው መከላከል የሚቻል ነው። መከላከያውም ርካሽ ከሚባሉት ክኒኖች አንዱ ነው። እኛ ግን ከክኒኑ ይልቅ ፎቶውን እየተቀባበልን ነው። ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምር ስለነበር ነገሩን እንደ ክፍል ትምህርት ላስረዳ።

ሕፃን ያቀፈ ሁሉ እርግብግቢትን ያውቃታል። አናቱ ላይ ለስላሳ ሆና የምትርገበገበው ቦታ ናት። የራስ ቅል ሲወለድ አንድ ወጥ አጥንት ስላልሆነ ነው። በስፌት የተያያዙ ብዙ አጥንቶች ናቸው፣ በመሐላቸው ክፍተት አለ። ልጁ በጠባብ መንገድ እንዲያልፍና አንጎሉ እንዲያድግ የተበጀ ነው። የፊተኛዋ እርግብግቢት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ትገጥማለች። ስለዚህ ሲወለድ ጭንቅላቱ ሾጠጥ ያለ ልጅ ሁሉ የታመመ አይደለም። በምጥ የተጫነ ጭንቅላት በአብዛኛው በቀናት ውስጥ ቅርጹን ይይዛል። አያቶች መደንገጥ የለባቸውም፣ በእጅ እየጫኑ ለማስተካከል መሞከርም የለባቸውም።

ፎቶው ላይ ያለው ግን ሌላ ነገር ነው። የሚጀምረው ከወሊዱ ስምንት ወር ገደማ ቀድሞ ነው። ፅንሱ በጣም ትንሽ ሳለ ጀርባው ላይ አንድ ጠፍጣፋ ንጣፍ ይኖራል። ይህ ንጣፍ ጠርዙና ጠርዙ እየተገናኘ፣ እንጀራ እንደምንጠቀልለው ተጠቅልሎ ቱቦ ይሆናል። የላይኛው ጫፍ አንጎል፣ የታችኛው ሕብለ ሰረሰር ይሆናል። የቱቦው መዘጋት ከፅንሰት ጀምሮ በ28 ቀን ገደማ ያልቃል። በላይ በኩል ሳይዘጋ ከቀረ የአንጎሉ ትልቁ ክፍልና የራስ ቅሉ ጣሪያ አይሠራም። ይህ አኔንሴፋሊ ይባላል። ሕፃኑ ሞቶ ይወለዳል፣ ወይም በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ያርፋል። በታች በኩል ካልተዘጋ ጀርባው ላይ ክፍተት ይቀራል፤ ስፓይና ቢፊዳ ነው። ሦስተኛው ኢንሴፋሎሴል ይባላል። የራስ ቅሉ ላይ ክፍተት ይኖርና የአንጎል ሽፋን፣ አንዳንዴም አንጎሉ ራሱ፣ በከረጢት መልክ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ ማጅራት አካባቢ ወይም ግንባር ላይ ይታያል።

28 ቀን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልብ በሉ። ሴቲቱ የወር አበባዋ በሁለት ሳምንት ገደማ ሲዘገይባት ማለት ነው። ብዙዋ እህታችን በዚያን ጊዜ ማርገዟን አታውቅም። «ድካም ነው፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ትላለች። እሷ ሳታውቅ ሥራው አልቋል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። አርግዤ ሐኪም ጋ ስሄድ እጀምራለሁ ብሎ የሚጠበቅ መድኃኒት ለዚህ ችግር አይደርስም።

መድኃኒቱ ፎሊክ አሲድ ነው። ከቢ ቫይታሚኖች አንዱ ሲሆን ስሙ የመጣው በላቲን ቅጠል ከሚለው ቃል ነው። እውነትም ጎመን ውስጥ አለ፣ ምስርና ሽምብራ ውስጥ አለ፣ እዚህ ካርቱም በየቀኑ የምንበላው ፉልና ሞሎኪያ ውስጥም አለ። «እንግዲያው ፉል እየበላን ምን ክኒን ያስፈልገናል?» የሚል አይጠፋም። ምግቡ ጥሩ ነው፣ አትተዉት። ግን ብዙ ሲቀቀል ከቫይታሚኑ ይቀንሳል፣ በምግብ ውስጥ ያለውንም ሰውነታችን ከክኒኑ ባነሰ መጠን ነው የሚጠቀምበት። ቀኑን ሙሉ በአንድ ዳቦና በሻይ የምትውል ሴት ደግሞ ያንን ያህል ቅጠልና ጥራጥሬ ከየት ታመጣለች?

ክኒኑ መሥራቱ በወሬ የተባለ አይደለም። በሰባት አገሮች ባሉ 33 ማዕከላት አንድ ትልቅ ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1991 ታትሟል። ከዚያ በፊት እንዲህ ዓይነት ልጅ ወልደው የነበሩ 1,817 ሴቶች ተመዘገቡ። ግማሾቹ ፎሊክ አሲድ ያለበት፣ ግማሾቹ የሌለበት ክኒን ተሰጣቸው። በመጨረሻ ችግሩ ከታየባቸው 27 ፅንሶች 21ዱ ፎሊክ አሲድ ካላገኙት እናቶች፣ 6ቱ ብቻ ካገኙት ነበሩ። አደጋው 72 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ ማርገዝ የምትችል ሴት ሁሉ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም እንድትወስድ መከረች። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ደግሞ በዱቄት ውስጥ እንዲጨመር አስገደደች። ደቡብ አፍሪካ በ2003 በስንዴና በበቆሎ ዱቄቷ ላይ ጨመረች፣ የዚህ ዓይነት ወሊድም በ30 በመቶ ገደማ ወረደ። ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። ገንፎዋን በበቆሎ የምታገነፋ አፍሪካዊት እናት ሳታውቀው ተጠቅማበታለች።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ያማል። በትግራይ ሆስፒታሎች ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ከ10 ሺህ ወሊድ 131 ያህሉ ላይ ይህን ችግር አግኝቷል። ዱቄታቸውን ባበለጸጉ አገሮች ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከ10 በታች ነው። እርግጥ ሆስፒታል የሚመጣው የከበደው ወሊድ ስለሆነ የሆስፒታል ቁጥር ከአገሩ ቁጥር ከፍ ሊል ይችላል። ከዚያ ላይ ቀንሱለት፣ ልዩነቱ ግን አሁንም የሰማይና የምድር ነው። ታዲያ ከዓለም ሁሉ ተለይተው የኢትዮጵያ እናቶች ብቻ ተረገሙ ልንል ነው? ወይስ የጎደለንን ነገር እንጠይቅ?

አገር ቤት ነፍሰ ጡር በጤና ጣቢያ አይረንና ፎሊክ አሲድ ይሰጣታል። ለደም ማነስ ይጠቅማታል፣ ትውሰደው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመረችው ከአምስት እናቶች አንዷ ብቻ ነበረች። ያችም ብትሆን ብዙውን ጊዜ የምትደርሰው 28ኛው ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ክኒኑ አለ፣ የሚደርሰው ግን ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ኢትዮጵያ በፋብሪካ የሚፈጨው የስንዴ ዱቄት ፎሊክ አሲድ እንዲጨመርበት አስገዳጅ ደረጃ አውጥታለች። ደስ የሚል ነገር ነው። ሆኖም ጤፏን፣ ገብሷን፣ ማሽላዋን በሰፈር ወፍጮ የምታስፈጭ የገጠር እናት ዘንድ የፋብሪካ ዱቄት አይደርስም። ችግሩ የከፋው ደግሞ ምግቧ የጎደለባት እናት ዘንድ ነው።

«እንዲህ ያለ ነገር በእኛ አገር አይሆንም» ለምትሉ እንቅርትን አስታውሱ። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚል ተረት ያለን ሕዝብ ነን። እንቅርት ምን ያህል ቤተኛችን እንደነበር ቋንቋችን ይመሰክራል። ያም በዘር የመጣ፣ በውሃ የመጣ፣ በእርግማን የመጣ ይባል ነበር። በዋናነት የአዮዲን እጥረት ነበር። አዮዲን በጨው ላይ ተጨመረ፣ ጨው ደግሞ የማይገባበት ጎጆ የለም። ዛሬ ፎሊክ አሲድንም በጨው በኩል ማድረስ ይቻላል ብለው የሚሟገቱ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች አሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

የሐኪሞቹ ምክር «ለማርገዝ ስታቅጂ ከወር በፊት ጀምሪ» ይላል። ምክሩ ትክክል ነው። ግን ዕቅድ ያላት ሴት የት ነው ያለችው? በመተማ አድርጋ ገላባት የተሻገረችውን እህት አስቡ። መንገድ ላይ የደረሰባትን ለማንም አልተናገረችም። እዚህ ከደረሰች በኋላ አንድ ክፍል ለአምስት ተከራይታ፣ ከሻ ሲመጣ በየጓዳው እየተደበቀች የምትኖረውን አስቡ። ባሏ ሊቢያ ልሂድ ሲል በዋዜማው ያረገዘችውን አስቡ። የእኛ እርግዝና በቀጠሮ አይመጣም። በቀጠሮ ለሚመጣ እርግዝና የተጻፈ ምክር ብቻውን አይበቃንም። ለዚህ ነው አገር ቤት ፎሊክ አሲድ እንደ ጨው ሳይጠየቅ ቤት ይግባ የምለው። እዚህ ደግሞ በስደተኛ ክሊኒኮች ሆዷ ለገፋ ሴት ብቻ ሳይሆን ማርገዝ ለምትችል ሴት ሁሉ ይታደል የምለው ለዚህ ነው። ስለ ስደተኛ ጤና በየስብሰባው የሚጠይቁን ድርጅቶች አሉ። በሚቀጥለው ሲጠይቁን ይህን እንበላቸው።

አሁን ደግሞ የምሰማውን ተቃውሞ ላንሳ። «የፈጣሪን ሥራ በክኒን ትለውጣለህ ወይ?» ይሉኛል። እኔ አማኝ ነኝ፣ ጠያቂዎቹንም አከብራለሁ። ግን ማታ ስንተኛ ጸልየን በሩንም እንቀረቅራለን። ልጃችን በወባ ሲታመም ጠበልም እናጠጣለን፣ ክኒንም እንሰጣለን። በጨው ውስጥ አዮዲን ሲጨመር ፈጣሪን የተዳፈርን ማንም አልመሰለውም። ይኸም ከዚያ አይለይም።

ሌላው ተቃውሞ በአፍ አይነገርም፣ ግን ከሁሉ ይከብዳል። ያላገባች ልጅ ሰይደሊያ ገብታ ፎሊክ አሲድ ስትጠይቅ አንድ ሐበሻ ካያት በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ «አርግዛለች» ይላል። እውነት ነው ወይስ አይደለም? የእኛ ሐሜት ከክኒኑ ዋጋ በላይ ተወዷል። ስለዚህ መጀመሪያ የምናስተካክለው አፋችንን ነው። ፎሊክ አሲድ የእርግዝና ማስረጃ አይደለም። ደም ላነሰውም የሚታዘዝ ቫይታሚን ነው። እህትህን ሰይደሊያ ካየሃት ሰላም ብለሃት እለፍ።

ለወንዶች የምለው አለኝ። እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ «በእኔ ዘር የለም» ብሎ እናቲቱን ጥሎ የሚሄድ አባት አለ። እንዲህ ዓይነት ልጅ ከሚወልዱት ወላጆች እጅግ የሚበዙት በዘራቸው ተመሳሳይ ታሪክ የላቸውም። በእሷም ዘር የለም፣ በአንተም የለም። ጥፋተኛ ፍለጋህን ተውና ልጅህን እቀፍ። ካረፈም አብረህ ቅበር። በእኛ ልማድ ለጨቅላ ድንኳን አይተከልም፣ ለቅሶ ደራሹም ጥቂት ነው። «ሌላ ትወልጃለሽ» ይባልና ያልፋል። እናቲቱ ጡቷ ወተት ይዞ፣ እቅፏ ባዶ ሆኖ ብቻዋን ትቀራለች። እባካችሁ ሴቶች፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ሂዱላት። «ምን ሆኖ ነበር?» ብላችሁ አታፋጥጧት፤ አብራችኋት ቁጭ በሉ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ነጥብ በነጥብ ላስቀምጠው።

1. ማርገዝ የምትችል ሴት ሁሉ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ትውሰድ። ያም 0.4 ሚሊግራም ማለት ነው። ቢያንስ ከእርግዝና አንድ ወር አስቀድሞ ተጀምሮ እስከ ሦስተኛው ወር ይቀጥላል። ስትገዙ ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 5 ሚሊግራም የሚል ካያችሁ ከዚህ ከአሥር እጥፍ በላይ ስለሆነ ባለሙያውን ሳትጠይቁ አትጀምሩ።

2. ከዚህ በፊት እንዲህ ዓይነት ልጅ የወለደች እናት የሚያስፈልጋት መጠን ከፍ ያለ ነው፤ 4 ወይም 5 ሚሊግራም ሊታዘዝላት ይችላል። ዳግም ከማርገዟ በፊት ሐኪም ታማክር። እንደገና ጤነኛ ልጅ መውለድ ትችላለች፣ ብዙዎችም ወልደዋል። ይህን ዓረፍተ ነገር ለምታውቋት እናት አድርሱልኝ።

3. የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ፣ በተለይ ቫልፕሮኤት የሚባለውን፣ እንዲሁም የስኳር ሕመም ያለባችሁ ከማርገዛችሁ በፊት ሐኪም አነጋግሩ። እነዚህ አደጋውን ከፍ ያደርጉታል። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፣ መውደቁ ራሱ አደገኛ ነው።

4. እርግዝና ላይ አልትራሳውንድ ተነሡ። የራስ ቅል አለመሠራት ከሦስተኛው ወር ገደማ ጀምሮ ሊታይ ይችላል። ቀድሞ ማወቅ ቤተሰቡ እንዲዘጋጅና የመውለጃ ቦታውን እንዲመርጥ ይረዳል።

5. ልጁ ጭንቅላቱ ወይም ጀርባው ላይ ከረጢት ይዞ ከተወለደ አትጫኑት፣ አታፍርጡት፣ ቅቤም ቅጠልም አታድርጉበት። በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ በፍጥነት ሆስፒታል ውሰዱት። ብዙዎቹ በቀዶ ሕክምና ይረዳሉ። የልጁ ጭንቅላት በየሳምንቱ ያለ ልክ እየሰፋ፣ ዓይኑ ወደ ታች እየተሳበ ከመጣ ፈሳሽ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። ለዚህም ሕክምና አለው፣ መዘግየት ግን አንጎልን ይጎዳል። የራስ ቅሉ ስፌት ያለ ጊዜው ገጥሞ ቅርጹ የተዛባም አለ። ያ ፎሊክ አሲድ የሚከላከለው ዓይነት አይደለም፣ በጊዜ ከታየ ግን በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል።

6. አገር ቤት ያላችሁ፣ ተስፋ የለውም ብላችሁ ልጅ ቤት አትደብቁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን እዚያው ማሠልጠን ከጀመረ እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ ነው። ጥቁር አንበሳና ዘውዲቱ እንዲህ ያሉ ልጆች የሚታከሙባቸው ሆስፒታሎች ናቸው። በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ሪፈር ጠይቁ።

7. ሠርግ ያላችሁ ቤተሰቦች፣ ለሙሽሪት ጥሎሽ ስታዘጋጁ የሦስት ወር ፎሊክ አሲድ ጨምሩበት። አትሳቁ፣ የምሬን ነው። ከወርቁ በርካሽ የሚገዛ፣ ከወርቁ በላይ የሚጠቅም ስጦታ ነው። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም «ላላረገዙትስ ክኒኑ መቼ ይመጣል?» ብላችሁ ደጋግማችሁ ጠይቁ። የሚጠየቅ ነገር ነው የሚመጣው።

ሳጃና ላላችሁ አንድ ሐሳብ አለኝ። የሴቶች ዕቁባችን በየሳምንቱ ይሰበሰባል፣ ማኅበሩም በየወሩ። ከእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ጊኔ እየለየን ክኒኑን በጅምላ እንግዛ። ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ አጠገብ ይቀመጥ፣ የፈለገች ሴት ሳትጠየቅ ትውሰድ። ያገባችም ያላገባችም፣ ክርስቲያኗም ሙስሊሟም፣ ወረቀት ያላትም የሌላትም። ሁሉም ፊት የተቀመጠ ነገር ለሐሜት አይመችም። ሰብሳቢዎቹ ፈቃደኛ ከሆናችሁ በመጪው ዓርብ መጥቼ ግማሽ ሰዓት ላስረዳ። ሰሌዳ አያስፈልገኝም፣ አንድ እንጀራ ከሰጣችሁኝ በእሱ እየጠቀለልኩ አሳያችኋለሁ።

ጥያቄ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስማችሁ ከእኔ አይወጣም። እኔ አስተማሪ እንጂ ሐኪም ስላልሆንኩ ከእኔ በላይ የሆነውን ወደ ሐኪም እመራችኋለሁ። ለእህታችሁ፣ ለእጮኛችሁ፣ ለሴት ልጃችሁ ሼር አድርጉላቸው።